አንድ መስመር ለአሮጌው ቁልፍ

«ሚስማሩ ስድስት ቁጥር ነው?»

«ስምንት ነው። ለቆርቆሮ አይሆንም።»

ምልክቱ ተሟላ።

እንየው ጎንበስ ብሎ ከሚስማሩ ክምር አንድ እፍኝ አነሳ። አጠገቡ የቆመው ሰውዬ ጃኬቱ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነው። ሰውዬው ቀና ብሎ አላየውም። በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ግን ከእጁ ወጥታ እንየው መዳፍ ውስጥ ገባች። ፍላሽ ናት።

የሐርጌሳው ዋሄን ገበያ በዚያ ረፋድ ይተረማመሳል። ተሸካሚው «ዞር በሉ» እያለ በሶማሊኛ ይጮሃል፣ መንዛሪዎቹ የሽልንግ ክምራቸውን ከበው ሻይ ይጠጣሉ። ሁለት ሐበሻ ሚስማር ሲመርጥ ማን ልብ ይለዋል? በየግንባታው ያለው ሁሉ ሐበሻ ነው።

ሰውዬው ይሄይስ ይባላል። ሐርጌሳ የሚያውቀው የኮንክሪት ፎርማን ሆኖ ነው። አዲስ አበባ ያለው የስለላ ቢሮ «አርማታ» ይለዋል፣ የእንየው አለቃ ነው። እንየው ደግሞ «ቱንቢ» ነው። እንየው የሚለውም ስም ቢሆን የውሰት ነው።

«ዛሬ። ከምሳ በፊት» አለ ይሄይስ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ቦቴው ተነስቷል?»

«ጎህ ሲቀድ ከወጃሌ ወጥቷል።»

«ሰዎቹስ?»

«ውስጥ ናቸው። አንተ ቁልፉን ሰርቨሩ ውስጥ አስገባ። ቢሮው ካርታውን እያየ እስከ ባሕሩ ይከተላቸዋል። አለቆቹን እዚያው ይለቅማል። አለቀ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው አሻጋሪዎች ባዶ የውሃ ቦቴ ውስጥ ስደተኛ አጭቀው ወደ ባሕር ይወስዳሉ። ነጩ ቦቴ ግን እንደማንኛውም የኪራይ መኪና የት እንዳለ የሚናገር የጂፒኤስ ሳጥን አለው። ሳጥኑን የሚቆጣጠረው ሂላል ትራክ የሚባል ድርጅት ነው። እንየው በሽፋን የሚሠራውም እዚያው ነው፤ የቦቴውን ሳጥን በገዛ እጁ ነው የገጠመው። ካርታውንና ሰርቨሩን ግን የማየት ፈቃድ የለውም።

ፍላሿን ካልሲው ውስጥ ከትቶ ወጣ።

ጨርቅ ተራ ጋ ሲደርስ ከኋላው የሆነ ሰው እንዳለ ታወቀው።

ወደ ግራ ታጠፈ። ሰውዬውም ታጠፈ። መስታወት ሻጭ ፊት ቆሞ በመስታወቱ አየ፦ ነጭ ቆብ፣ ከዘራ፣ ፈጣን እርምጃ። እንየው ፍጥነቱን ጨመረ። ከዘራውም ጨመረ።

እጅ ትከሻው ላይ አረፈ።

«አንተ! ጆሮህ ደንቁሯል እንዴ? ከሚስማር ተራ ጀምሮ ስጠራህ!»

አዋሌ ነበሩ።

«አልሰማሁም አዴር፣ ይቅርታ» አለ። «አዴር» በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው።

«ምሳ እኛ ቤት ነህ። ሆዶ የግመል ሥጋ ሠርታለች። ደግሞ ክርስቲያን ነኝ ብለህ ፊትህን እንዳታጨማድድ፤ ለአንተ ብቻ ዓሣ አስገዝቻለሁ። የሐርጌሳ ዓሣ ከበርበራ ድረስ ታሞ ነው የሚመጣው፣ ግን ምን ላድርግህ!»

አዋሌ በጦርነቱ ጊዜ ድሬዳዋ ተሰደው፣ የጭነት መኪና እየነዱ፣ አማርኛን ከነስድቡ የቻሉ ሰው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ዴቃ የሂላል ትራክ የሰርቨር ኃላፊ ናት። እንየው ሥራ ሲጠይቅ የድርጅቱ ባለቤት «ያለ ዋስ የውጭ ሰው አልቀጥርም» አለ። እዚህ አገር ዋስ መሆን ወረቀት ላይ ጫር አድርጎ መሄድ አይደለም። ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ «እሱ ቢያጠፋ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ማለት ነው። አዋሌ ሳያመነቱ አሉ። «ድሬዳዋ ስገባ ማን ያውቀኝ ነበር? የማላውቃት ሴትዮ ናት ዋስ የሆነችኝ» ብለው።

እንየው ያን ቀን ለቢሮው «ሽፋኑ ጸንቷል» ብሎ በደስታ ጻፈ። አሁን ያን ጽሑፍ ሲያስታውስ ጆሮው ይግላል።

«እመጣለሁ አዴር» አለ፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

*

የሂላል ትራክ ቢሮ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ከአንድ የጎማ መሸጫ በላይ ነው። እንየው ሲገባ ዴቃ ስልክ ላይ ትጮሃለች። በሶማሊኛ ጮኸች፣ በእንግሊዝኛ ጨመረችበት፣ ዘጋችው፣ ከዚያ ለእንየው በድሬ አማርኛ ቀጠለች።

«አቦ እነዚህ ሰዎች ሊገድሉኝ ነው! ‹ትናንት ይሠራ ነበር› ይለኛል። ትናንትማ እኔም ሕፃን ነበርኩ!»

«ምን ሆኑ ደግሞ?»

«ሰርቨሩን አሻሻልኩት አይደል? አሁን የሁሉም ቁልፍ እምቢ አለ። ወጃሌ ያለው፣ በርበራ ያለው፣ ሁሉም ‹ፐርሚሽን ዲናይድ› ይለዋል። መግቢያ የለም።»

እንየው ወንበር ሳበ። ሰሚ መምሰል ሥራው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የዴቃን ወሬ ይወደዋል፣ ይህንንም ለቢሮው ጽፎ አያውቅም።

«ቁልፉ ምን ሆኖ ነው?»

«አርጅቶ! ከሩቅ ሆነህ ሰርቨር ውስጥ የምትገባበት በር አለ፣ ኤስ ኤስ ኤች የምንለው። ቁልፉ ፋይል ነው። የኛ ቁልፍ ዲኤስኤ የሚባል የድሮ ዓይነት ነው። በዘመኑ ጠንካራ ነበር። ዛሬ ደካማ መሆኑን ዓለም አውቆታል። አዲሱ ሰርቨር ገና ሲያየው ‹ይህን ዓይነት አልቀበልም› ይላል። ጎበዝ ነው፣ እኔ እኮ ወድጄዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ቁልፍ እየሠራሁ ነው። የሚያሳብደኝ ደግሞ ምን መሰለህ? የድሮው ቁልፍ አንድ ነው። አንድ! አንዱ ከዓመታት በፊት ሠራው፣ ለሠራተኛው ሁሉ በፍላሽ ገለበጠለት። ሥራ የለቀቀውም ይዞት ሄደ። ማንም ‹መልስ› አላለውም።»

«ለምን?»

ዴቃ እንደ ጅል አየችው። «አብሮህ በአንድ ሳህን የበላ ሰው ሲሰናበትህ ‹ቁልፉን መልስ› ትለዋለህ? ሌባ ነህ ማለት እኮ ነው። ነውር ነው። ስለዚህ ያ ቁልፍ የማን ኪስ ውስጥ እንዳለ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ከሰርቨሩ ለምን አትሰርዥውም?»

«ሁሉም አዲሱን ሲያገኝ እሰርዘዋለሁ። እስከዚያ ሰርቨሩ ራሱ አይቀበለውማ። ስንፍና ነው፣ አውቃለሁ፣ አትየኝ እንደሱ!» ሳቀች። «ባለቤቱ ደግሞ አቋራጭ አምጪ ይለኛል። አለ አቋራጭ። ሰርቨሩ ደንቡን የሚያነብባት ፋይል ላይ አንድ መስመር ትጨምራለህ። ‹አሮጌውንም ተቀበል› ትለዋለህ። ስህተቱ ይጠፋል። ሁሉም ያጨበጭባል። ሌባውም አብሮ ያጨበጭባል። ሞቼ ነው እኔ!»

አዛን ተሰማ። ዴቃ ሻሿን አስተካክላ ተነሳች።

«ሰግጄ ልምጣ። ማሽኔን እያት፣ ሰው እንዳይነካብኝ።»

ወጣች። ላፕቶፑ እንደተከፈተ፣ ሰርቨሩ ውስጥ እንደገባ፣ እፊቱ ተቀምጧል።

ሦስት ወር የጠበቀው ቅጽበት ይህ ነው። እንደዚህ ዓይነት እምነት ተሰጥቶት ይመጣል ብሎ ግን አልጠበቀም።

ፍላሿን ሰካ። የተፈቀደላቸው ቁልፎች የተጻፉበትን ፋይል ከፈተ። የፍላሿን ቁልፍ ሊጨምር ሲል እጁ ቆመ።

ቁልፉ አስቀድሞ እዚያው ነበር።

ፊደል በፊደል ያው ነው። ምን ማለት ነው? ምናልባት ቢሮው በሌላ ሰው አስገብቶት ይሆናል። ጥሩ፣ ሥራ ቀለለ። በራሱ ላፕቶፕ በቁልፉ ለመግባት ሞከረ።

ፐርሚሽን ዲናይድ።

የቁልፉን ዓይነት አየ። ዲኤስኤ። አሮጌ። ደወለ።

«አርማታ፣ ቁልፉ ያረጀ ዓይነት ነው። በሩ አይቀበለውም። አዲስ ይሥሩና ላክልኝ፣ አፍታ አይፈጅም።»

«ጊዜ የለም። መስመሯን ጨምር።»

«ያቺ መስመር ለእኛ ብቻ አትከፍትም።»

«ቱንቢ። ቦቴ ውስጥ ሰው አለ። መስመሯን ጨምር።»

የኮንክሪት ፎርማን ስለ መስመሯ ከየት አወቀ? መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም። በዴቃ ላፕቶፕ፣ በዴቃ ስም፣ መስመሯን ጻፈ። ሰርቨሩ ደንቡን እንደገና እንዲያነብ አዘዘ። እንደገና ሞከረ። ገባ።

ለይሄይስ ሥራው ማለቁን የሚነግር አጭር መልእክት ላከ፦ «ሙሊቱ አልቋል።»

ፍላሿን ነቅሎ ካልሲው ውስጥ ሲከት የዴቃ ነጠላ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ።

«ሰው ነካብኝ?»

«ማንም።»

«አላህ ይስጥህ ወንድሜ።» ላፕቶፑን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ና በል፣ አዴር በምሳ ሰዓት ቀልድ አያውቁም።»

*

ዓሣው አልታመመም ነበር። የታመመው በላተኛው ነው። ሆዶ፣ የአዋሌ ባለቤት፣ አሁንም አሁንም ሩዝ ትጨምርለታለች፣ አዋሌ «ብላ፣ ይህ ሐበሻ እንደ ወፍ ነው የሚለቅመው» ይላሉ። እንየው ይጎርሳል። አንዱም አይወርድለትም።

እጅ ሲታጠቡ ስልኩ ጮኸ። ሸዋርካብሽ ናት።

ሸዋርካብሽ የሐርጌሳው ዳሚ ሰፈር የምትኖር የቤት ሠራተኛ ናት። የቦቴውን ወሬ ለእንየው የነገረችው እሷ ነች። ባሏ አክሊል ካልሄድኩ ብሎ እምቢ አላት፣ እሷም የምትይዘውን አጥታ «እባክህ የምታውቀው ሰው ካለ» አለችው። እሱም «በሰላም ይመለስልሻል» ብሎ ቃል ገባላት። ቃሉን ሲሰጥ እንኳ ለቢሮው የሚጽፈውን ሪፖርት እያሰበ ነበር።

«ጋሼ እንየው!» ድምጿ ተቆራረጠ። «አክሊል ደወለ። ቦቴው ቆሟል አለኝ። ሹፌሩ ክዳኑን ከላይ ቆልፎ በሌላ መኪና ሄደ። ጥሎን ሄደ አለኝ። አየር የለም፣ ብረቱ ያቃጥላል አለኝ። ከዚያ ተቋረጠ። የት እንደሆኑ አያውቁም ጋሼ! አታውቅም? አንተ አታውቅም?»

«እደውልልሻለሁ።»

ዴቃን ዞር ብሎ አያት። «ነጩ ቦቴ። ከወጃሌ የወጣው። የት ነው?»

«አሁን ይህ ምን አመጣው?»

«እባክሽ።»

ስልኳ ላይ ካርታውን ከፈተች። «ወጃሌ ጋራዥ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ አልተነቃነቀም።»

ካርታው ዋሸ።

«ከሰርቨሩ እይው። ሳጥኑ የላከውን ራሱን።»

ዴቃ ጥርጣሬ በገባው ዓይን እያየችው ላፕቶፗን አወጣች። ጻፈች። ጠበቀች። እንደገና ጻፈች። ፊቷ ተለወጠ።

«እኔን... እኔን አይቀበለኝም። የእኔ ቁልፍ አዲሱ ዓይነት ነው እኮ! ሰው ገብቶ አጥፍቶኛል። የእኔን ቁልፍ ሰርዞታል!»

እዚያው፣ የአዋሌ ምንጣፍ ላይ፣ ሁሉም ነገር ለእንየው ተገለጠለት። ቁልፉ አስቀድሞ ፋይሉ ውስጥ የነበረው ቢሮው ስላስገባው አይደለም። የራሱ የሂላል ትራክ አሮጌ ቁልፍ ስለሆነ ነው። ያ በየሰው ኪስ የቀረው። ቢሮው ቁልፍ አልላከም። ለአሻጋሪዎቹ የተገዛው ይሄይስ የፈለገው መስመሯን ብቻ ነው፤ መስመሯ ስትጻፍ አሻጋሪዎቹ እጅ የነበረው የሞተ ቁልፍ ነፍስ ዘራ። ገብተው የቦቴውን መንገድ ከካርታው አጠፉ። ቦቴው መታወቁን ነግረው ሹፌሩን አስጠነቀቁት፣ እሱም ጭነቱን ጣለ።

ጭነቱ ሰው ነው።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አርማታ። እንየው ወደ ግቢው ወጣ።

«በር ላይ ነኝ» አለ ይሄይስ። «ፍላሿን ይዘህ ውጣ። አብረን እንሄዳለን።»

«ሸጥከን።»

«ከራስ በላይ ነፋስ። አሁን ስብከቱን ተወውና አስብ። ብትናገር ማን ይታሰራል? አንተ ስም የለህም፣ ነገ ትጠፋለህ። የሚያዙት ሽማግሌው ናቸው፣ ዋስህ። ልጅቷም አለች፣ በእሷ ስም ነው የተጻፈው። ካዘንክላቸው አፍህን ዝጋ።»

የግቢው በር ሥር የቪትዝ መኪና ጎማ ይታያል።

የሚያሳፍረው ምኑ እንደሆነ ልንገራችሁ? ለአንድ አፍታ አምኖት ነበር። ዝም ቢል አዋሌን ያተረፈ መሰለው። ፍርሃቱን ደግነት ብሎ ሊጠራው ምንም አልቀረው። ከዚያ የአክሊል ብረት ትዝ አለው። ብረቱ ያቃጥላል።

ስልኩን ዘጋ። ገባ። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ ፍላሿን ምንጣፉ ላይ አስቀመጣት።

«በዚህ መግባት ትችያለሽ» አለ። «አሮጌው ቁልፍ ነው። በሩ አሁን ይቀበለዋል።»

ዴቃ ፍላሿን አየች። እሱን አየች።

«ለምን ይቀበለዋል?»

«መስመሯን ጨምሬያት ነው።»

«መቼ?»

እሷ ራሷ ደረሰችበት።

«ሰላት ላይ ነበርኩ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ሰላት ላይ ነበርኩ እንየው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አዋሌ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ይሰማሉ።

«ቦቴው ውስጥ ሰው ተቆልፎበታል» አለ እንየው ወደ ምንጣፉ። «የት እንደሆነ ሰርቨሩ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለኔ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉ። አሁን ግቢ።»

ዴቃ ፍላሿን በሁለት ጣቷ አነሳች፣ ከቆሻሻ ላይ እንደሚያነሱት ነገር። ሰካችው።

የግቢው በር ተደበደበ።

«እንየው! ውጣ!» የይሄይስ ድምፅ ነው። ብቻውንም አይደለም።

እንየው ሊነሳ ሲል ከዘራው ደረቱ ላይ አረፈ።

«ተቀመጥ» አሉ አዋሌ። «ቤቴ ገብተህ ምግቤን በልተሃል። ሌባ ብትሆንም እንግዳዬ ነህ።» በባዶ እግራቸው ወጡ። በሩ ሲከፈት፣ ድምፃቸው መንደሩን ሁሉ ሲጠራ ተሰማ። የጎረቤት በሮች ተከፈቱ። ወንዶች ከየቤቱ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የቪትዙ ሞተር ጮኸና ራቀ።

ውስጥ ዴቃ ትሟገታለች። የገዛ ላፕቶፗም አሮጌውን ቁልፍ አላቀርብም አላት። «አንተም ጎበዝ ነህ፣ ግን ዛሬ አይደለም» ብላ ለዚያች አንዲት ትእዛዝ ብቻ ፈቀደችለት።

ገባች።

«አለ» አለች በሹክሹክታ። «ቁልፌን የሰረዘው ሰውዬ አሁንም ውስጥ ነው።»

ሰውዬው ቦቴው የላከውን ሁሉ ከሥር ከሥር እየሰረዘ ነበር። ዴቃ አልቸኮለችም። እንየው የሚያስታውሰው እሱን ነው። መጀመሪያ የራሷን አዲስ ቁልፍ መልሳ ጻፈች። ቀጥላ መስመሯን አጠፋች። አሮጌውን ቁልፍ ከፋይሉ ነቀለች። ሰርቨሩ ደንቡን እንደገና እንዲያነብ አዘዘች፣ በራሷ ቁልፍ በሌላ መስኮት ገብታ መግባቷን አረጋገጠች። ከዚያ ሰውዬውን ቆረጠችው።

ወጣ። የሰርቨሩን በር ደጋግሞ ቢያንኳኳም አልተከፈተለትም።

«አሁን ሳጥኑ እስኪናገር ነው» አለች።

ጠበቁ። ሆዶ በር ላይ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እንየው የሚጸልይበት አፍ አጣ።

አንዲት ነጥብ ካርታው ላይ በቀለች።

«ከገቢሌ ወዲያ። ከአስፋልቱ ወጥቶ፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ!»

ከውጭ የተመለሱት አዋሌ ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ነበር። ፖሊስ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ሹፌር ግን አሁን መንገድ ላይ ነው። ዕድሜ ልካቸውን መሪ የጨበጡ ሰው ናቸው፤ በዚያ መንገድ የሚያልፈውን ከነቅጽል ስሙ ያውቁታል። አንዱን ጠሩ፣ እሱ ሌላውን ጠራ። ሁለት የጭነት መኪናዎች ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ወንዙ ወረዱ።

አዋሌ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። የሞተር ድምፅ። ሩጫ። ብረት በብረት ሲመታ። የሶማሊኛ ጩኸት። ከዚያ የሆነ ነገር ተሰበረና ክዳን ተከፈተ።

ዝምታ።

ከዚያ ከሩቅ፣ በአማርኛ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ፦ «ውሃ።»

ሌላ ድምፅ ተከተለ። ሌላም። ዴቃ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። እንየው እጁን ወደ ትከሻዋ ዘረጋ።

«አትንካኝ» አለች።

*

ሁሉም በሕይወት ወጡ። አክሊል ገቢሌ ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቷል። ሸዋርካብሽ ደውላ እንየውን መረቀችው፣ ልጅ ይውጣልህ፣ ክፉ አይንካህ አለችው። ምርቃቱ እንደ ስድብ ቆጠቆጠው። ሰምቶ ዘጋ።

ከዚያ አዲስ አበባ ደወለ፣ ለጭንቅ ቀን ብቻ የተሰጠው ቁጥር ላይ።

«ቱንቢ ነኝ። አርማታው ተሰንጥቋል።»

«ደርሶናል። ጅጅጋ መግቢያ ላይ እንይዘዋለን። ሹፌሩስ?»

«ሰዎቹን ያወጡት የጭነት መኪና ሹፌሮች መንገድ ላይ ይዘውታል። አለቆቹን እየተናገረ ነው።»

«ጥሩ ሥራ። ዛሬውኑ ውጣ።»

«አንድ ነገር አለ። መስመሯ በልጅቷ ስም ነው የተጻፈችው። የጻፍኩት እኔ መሆኔን ለድርጅቱ ባለቤት ላስረዳ።»

«እንደ ማን ሆነህ?»

«እንደ እንየው።»

«ቱንቢ። እንደ ማን ሆነህ ነው የምታስረዳው? ውጣ።»

ዴቃ ግን ቀድማ የድርጅቱ ባለቤት ጋ ሄዳ ነበር። ማንም ሳይጠይቃት፣ ማሽኗን ከፍታ ለእንግዳ ሰው እንደተወች ተናገረች። ሰርቨሩን ማዳኗን ባለቤቱ አመሰገናት፣ የቢሮውን ቁልፍም ተቀበላት። ከሥራ ወጣች። ይህን ያወራችው ሆዶ ናት፣ እሷም ለእንየው አልነበረም የነገረችው፤ ለግድግዳው ነው።

«ተነስ» አሉ አዋሌ። «ወጃሌ ላድርስህ።»

«አዴር፣ እኔ አውቶቡስ...»

«በአውቶቡስ ብትሄድ ኬላ ላይ ይይዙሃል። ወሬው ቀድሞሃል። ዋስህ እኔ ነኝ፤ የእኔ ሰው በሌላ እጅ አይያዝም።»

አሮጌ ፒክአፓቸውን አስነሱ። ገቢሌን ሲያልፉ አዋሌ ወደ ሰሜን በአገጫቸው አመለከቱ። ከሩቅ ነጩ ቦቴ ይታያል፣ ሰው ከቦታል። እንየው አይቶ አቀረቀረ።

ኬላዎቹ ላይ ወታደሮቹ ጎንበስ እያሉ ወደ ውስጥ ያያሉ። አዋሌ በሶማሊኛ ሁለት ቃል ይላሉ። ወታደሮቹ ገመዱን ያወርዳሉ። እንየው ሶማሊኛው ገብቶታል። «ከእኔ ጋር ነው» ነው የሚሉት። ከሚሰድቡት ይልቅ ይህ ከበደው።

ወጃሌ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ድንበሩ ላይ ባጃጁ፣ ጫቱ፣ ፍየሉ፣ ሰዉ ይተራመሳል። አዋሌ ሞተሩን አጠፉ። እጃቸውን ከመሪው ላይ አላነሱም።

«ነገ ሽማግሌ ይቀመጣል» አሉ። «እኔ መሐል እቀመጣለሁ። ‹ለማን ነው ዋስ የሆንከው?› ይሉኛል። ልጁ አጥፍቷል፣ የተቆለፈባቸውን ሰዎችም አውጥቷል እላቸዋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ሰውዬው ማን ነው ይሉኛል። ለነፋስ ዋስ የሆነ ሽማግሌ መሳቂያ ነው። የመጣህበትን አልጠይቅህም። የላከህንም አልጠይቅህም። ስምህን ስጠኝ። እናትህ ያወጣችልህን። ስምህን ብቻ።»

ስሙ ጉሮሮው ላይ መጣ። አጭር ስም ነው። ሦስት ፊደል። ለዚህ ሰው ሊከፍለው የሚችለው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር፣ ዋጋውም አንዲት ትንፋሽ ናት።

የቢሮው ደንብ አንድ ነው። ስም አይሰጥም። ለወዳጅም፣ ለሟችም።

«እንየው ነው ስሜ፣ አዴር» አለ።

አዋሌ ረጅም ጊዜ አዩት። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ይሻለው ነበር።

«እሺ» አሉ። «እንየው እላቸዋለሁ።»

ወረደ። «ይቅር ይበሉኝ» ሊል ዞረ። ፒክአፑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነበር፣ አዋሌም መንገዱን እንጂ እሱን አያዩም። አንድ ባለ ጋሪ ገፍቶት አለፈ። ሌላው ተከተለ። ሰዉ መሐል ገባ፣ ሰዉም ዋጠው።

ጅጅጋ ላይ ቢሮው የላከው ሰው አዲስ መታወቂያ ሰጠው። ቆሞ አነበበው፣ ኪሱ ከተተው፣ ወደ አውቶቡሱ ወጣ። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ የተሳፋሪ ስም ይመዘግባል።

«ስም?»

«ደምመላሽ» አለ፣ ሳይደናቀፍ፣ ሳያስብ።

ረዳቱ ጻፈ። እሱም ወደ ኋላ ሄዶ መስኮት ጥግ ተቀመጠ፣ ማንም ፊቱን እንዳያየው ጃኬቱን ተከናነበ።